ኮምፒውተሬ በሰው ሰርግ ላይ

ሰማያዊ ቀለም የምትወዱ ሰዎች ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔም እወደው ነበር። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ካርታ ፊት ቆሜ "ልጆች፣ ይሄ ሰማያዊው ውሃ ነው" ስል ነው የኖርኩት። ባለቤቴ ሰናይት እንደምትለው ከሆነ ደግሞ እኔ ራሴ ግማሽ ቀኔን ውሃው ውስጥ ነኝ። ጨው አቀብለኝ ስትለኝ የምሰማት ማዕዱ ከተነሳ በኋላ ነው። ሃሳብ ይዞኝ ይሄዳል። የት እንደሚወስደኝ አላውቅም፤ ሲመልሰኝ ግን ሁልጊዜ ሻዩ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል።

ክረምት ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ጀሞ ጭጋግ ለብሳለች፤ ከአራተኛ ፎቅ መስኮታችን ሲታይ ፊት ለፊት ያሉት ብሎኮች መሬት የነኩ አይመስሉም። እንዲህ ባለ ቀን ነው ከላያችን የሚኖሩት እትዬ ታደለች ወርደው በራችንን ያንኳኩት። እትዬ ታደለች ከአርባ ምንጭ የመጡ፣ ድምፃቸው ከራሳቸው ቀድሞ ደረጃ የሚወርድ፣ ሲስቁ ብሎኩ በሙሉ ምን ተገኘ ብሎ የሚጠይቅ ሴት ናቸው። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ምሕረት። ልታገባ ነው።

"መምህር፣ ኮምፒውተር አለህ አይደል?" አሉኝ።

"አለኝ።"

ይቺ "አለኝ" ናት ጉዱን ሁሉ የጎተተችው። በእጃቸው የያዙትን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱት። ፎቶ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ባለ ቀለም፣ ጠርዙ የተበላ፣ ሻይ የፈሰሰበት።

"ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያለው ነው። በሰርጉ ቀን አዳራሹ ግድግዳ ላይ በየተራ እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ። ከስር መዝሙር ይኑረው። ትችላለህ?"

እንግዲህ እውነቱን ለመናገር እኔ በኮምፒውተር የማውቀው ፈተና መጻፍ ነው። እሱንም ቢሆን ጥያቄ ቁጥር ሦስት ሁሌ ሁለት ጊዜ ይመጣብኛል። ግን የአገራችን ሰው "አልችልም" ከሚል ጣቱን ቢቆርጥ ይመርጣል። "ችግር የለም እትዬ!" አልኩ። ሰናይት ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት ያገባችሁ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ በኋላ ፎቶዎቹ ውስጥ ገባሁ። አንድ በአንድ ስካን እያደረግኩ ወደ ኮምፒውተሩ ሳስገባ መሥራቴን እረሳውና ቁጭ ብዬ አያለሁ። አንዲት ሕፃን ሙዝ ስር ተቀምጣለች። ቀጥላ ዩኒፎርም ለብሳለች። ቀጥላ ጥርስ የላትም። ቀጥላ አባቷ ሳይክል ላይ አስቀምጠዋት ሁለቱም ካሜራውን እንደ ዳኛ አፍጥጠው ያዩታል። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል፣ እኔ የማላውቀው ሰው ልጅነት ውስጥ እዞራለሁ። እንዲያው ለመናገር ያህል፣ ከራሴ ልጅነት የበለጠ የምሕረትን አውቀው ጀመር።

ሥራው አለቀ። እትዬ ታደለች ዋናዎቹን ፎቶዎች መልሰው ሰበሰቡና ጉልበታቸውን አሟቸው ለሰርጉ መምጣት ላልቻሉት ለምሕረት አያት ወደ አርባ ምንጭ ላኩላቸው። "እሳቸው እዚያ ሆነው በፎቶ ይደሰቱ፣ እኛ እዚህ በግድግዳ" አሉ። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የምሕረት ልጅነት የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የእኔ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ።

"ፍላሽ ላይ ገልብጠው" አለችኝ ሰናይት።

"ነገ።"

በማግስቱም ነገ አልኳት። ነገ የሚባለው ቀን ሲርቅ ሰማያዊ፣ ሲቀርቡት ድንጋይ እንደሚሆን ተራራ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፤ ለራሴ ግን ገብቶኝ አያውቅም።

ሰርጉ እሑድ ነው። አርብ ጠዋት ሥራዬን አንድ ጊዜ በደስታ ልየው ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሕፃኗ ሙዙ ስር ተቀመጠች። ዩኒፎርሟን ለበሰች። ከዚያ "ቲክ" የሚል ድምፅ መጣና ስክሪኑ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ።

አልደነገጥኩም። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ ውብ ስለነበር ነው። ውጪው ግራጫ፣ ክፍሉ ግራጫ፣ እኔ ራሴ በግራጫ ሹራብ፣ መሃል ላይ አንድ የረጋ ሰማያዊ ሐይቅ። ግድግዳው ሳይቀር በራ። ከላይ በጎኑ የተኛ የሚያዝን ፊት አለ፤ ሁለት ነጥብና አንድ ቅንፍ። ከስሩ በእንግሊዝኛ "ኮምፒውተርዎ ችግር ገጥሞታል፣ መረጃ እየሰበሰብን ነው" የሚል አለ። በጣም ትሑት ነው። ሰውዬው መረጃውን እስኪሰበስብ በትዕግሥት ልጠብቀው ብዬ ተደገፍኩ። ዜሮ በመቶ ይላል። እኔ ደግሞ ከጫሞ ሐይቅ ዳር ቆሜ፣ አንድ ወፍ ውሃውን በክንፏ ጫፍ ስትነካው እያየሁ...

"ምን እያየህ ነው?" ሰናይት ከኋላዬ ቆማለች።

"ውሃ" አልኳት።

ጠጋ አለች። አነበበች። "ሥራው ሴቭ ሆኗል?"

"ሆኗል።"

"የት?"

"እዚሁ።"

አጥፍታ አበራችው። ተነሳ፣ ተነፈሰ፣ ሕፃኗን ሙዝ ስር አስቀመጠ፣ ቲክ፣ ሰማያዊ። አሁን ሐይቁ ጠፋ። አሁን የታየኝ እትዬ ታደለች ነጭ ለብሰው ባዶ ግድግዳ ፊት ተቀምጠው ነው።

ስልኬን አውጥቼ መፍትሔ ፈለግኩ። አንድ ፈገግተኛ ወጣት በቪዲዮ "መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር የተገናኘውን ሁሉ ንቀሉ" አለኝ። ነቀልኩ። ፕሪንተሩን፣ ስፒከሩን፣ ኪቦርዱን፣ ማውሱን። "በጣም ጥሩ። አሁን እዚህ ጋ ክሊክ አድርጉ" አለ። በምን? በአፍንጫዬ? መልሼ ሰካሁ። እንደገና ንቀሉ አለ። ሦስተኛ ላይ ስንደርስ የስልኩ ዳታ አለቀ፤ ወጣቱ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። አሁንም ድረስ ፊቱ ይመጣብኛል።

በዚህ መሃል ሰናይት ወርዳ ሸምሱን ይዛ መጣች። ሸምሱ ከብሎካችን ምድር ቤት ሱቅ አለው፤ ከስኳር እስከ ቻርጀር ይሸጣል። ቻርጀር ስለሚሸጥ ሰፈሩ በሙሉ ኤሌክትሪክ ነክ ጉዳይ ሲገጥመው እሱን ይጠራል። እሱም ጠርተውት አላውቅም ብሎ አያውቅም፤ በዚህ ወንድማማች ነን።

ስክሪኑን አየና "ቲቸር፣ ይሄ ሙቀት ነው" አለ።

"በክረምት?"

"የውስጥ ሙቀት ነዋ። አንተ ንዳድ በክረምት ይዞህ አያውቅም?"

ከሱቁ ቬንትሌተር አመጣ። ኮምፒውተሩ ላይ ነፋን። ሰናይትና እኔ በረደን፤ ኮምፒውተሩ ግን ሰማያዊ ሆነ። ሸምሱ ጎኑን በካቻቢቴ ከፈተው። ውስጡ! አቧራው ከመብዛቱ ፍራሽ ይሞላል። ከአቧራው ስር ጠፋ ብለን ስንፈልገው የከረምነው የሰናይት የጆሮ ጌጥ ተገኘ። እንዴት እንደገባ ዛሬም አልታወቀም። ሰናይት ጌጧን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስላለች ብልሽቱን ለጥቂት ጊዜ እንደ በጎ ነገር ቆጠርኩት።

"ሜሞሪውን አውጥተህ በላጲስ ታሸዋለህ፤ ሲያደርጉ አይቻለሁ" አለ ሸምሱ። ላጲስ ደግሞ ከመምህር ቤት አይጠፋም። ያቺን ቀጭን ሰሌዳ ሸምሱ ነቀላት፣ እኔ የወርቅ ጥርሶቿን እንደ ስህተት መልስ አሸሁላት፣ መለሰና ከተታት። አበራነው። ሕፃኗ መጣች። ዩኒፎርም። ጥርስ የሌላት። አባትየው በሳይክል። እልል ልንል አፋችንን ከፈትን።

መብራት ጠፋ።

የእኛ ብቻ አይደለም፤ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ጠፋ። ሸምሱ ጥቂት አሰበና "እህቴ ለቡ መብራት ኃይል ነው የምትኖረው" አለ። "የሰፈሩ ስም ራሱ መብራት ኃይል ነው። እዚያ ከሌለ የት ሊኖር ነው?"

የሚያስቅ ሃሳብ ነው ትላላችሁ፤ ተጨንቆ ለነበረ ሰው ግን ብርሃን ነበር። አመሻሹ ላይ ዝናብ እንዳይነካው ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቀለልነው። ሸምሱ በሁለት እጁ ታቀፈው፣ እኔ ስክሪኑን ያዝኩ፣ ሰናይት ጃንጥላውን ይዛ ተከተለችን። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ማን ከታች ይመጣል? እትዬ ታደለች፣ ለሰርጉ ሽንኩርት ተሸክመው። ጥቅልሉን ሲያዩ ሽንኩርቱን መሬት አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"ማነው?" አሉ።

መዋሸት እችል ነበር። ግን ፊታቸው ላይ የነበረው ሐዘን ለሰው ልጅ የተዘጋጀ ነበርና አልቻልኩም።

"እትዬ፣ ኮምፒውተሩ ነው። ትንሽ አሞት... ሰማያዊ እየሆነ ነው።"

"ምሕረትስ?"

"ውስጡ ናት።"

ይቆጡኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልተቆጡም። እጃቸውን በብርድ ልብሱ ላይ ጫኑ። "ጌታ ሆይ!" አሉ፤ ደረጃው በሙሉ አስተጋባ። "አንተ ሁሉን ታያለህ፤ ያንተ ነገር አይጠፋብህም! ይሄን ሰማያዊ ነገር አስወጣልን! መምህሩንም አስበው፤ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል!" በየፎቁ በር መከፈት ጀመረ። ሲጨርሱ ሸምሱ፣ እጁ ስለተያዘ በአገጩ ብርድ ልብሱን እንደደገፈ፣ ከልቡ "አሚን" አለ። እትዬ ታደለችም "ተባረክ ልጄ" ብለው ሽንኩርታቸውን አንስተው ወጡ። ስለ ፎቶዎቹ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ያ ነው የከበደኝ። ቢቆጡኝ ኖሮ እኔም ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር።

ታክሲው ውስጥ ረዳቱ ጥቅልሉን አይቶ "ይሄ ሰው ነው ዕቃ?" አለ።

"በሽተኛ ነው" አለ ሸምሱ።

"በሽተኛም ሂሳብ ይከፍላል።" ተከፈለለት። የራሱ ወንበር ተሰጠው፤ መስኮቱ ጋ። ዝናቡ መስታወቱ ላይ ሲንሸራተት፣ የመንገዱ መብራቶች በውሃው ውስጥ ሲሟሙ፣ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ነገር አንድ የተኛ ተጓዥ መሰለኝ። ምን ሕልም ያይ ይሆን ብዬ አሰብኩ። የሙዝ ዛፍ ሳይሆን አይቀርም። ረዳቱ "ለቡ ወራጅ!" ሲል ሰናይት በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ባትጎሽመኝ እኔና በሽተኛው የመጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄደን ነበር።

ለቡ መብራት ነበረ። የሸምሱ እህት ሳሎን ውስጥ ቅዳሜን ጨምረን ደጋግመን ሞከርን፤ ፀባዩንም አጠናን። በጎኑ አስተኝተነው፣ ቬንትሌተር እየነፋበት፣ ማንም ሳይነካው ዝም ብለን ካየነው ይሠራል። ፍላሽ ከሰካንበት ግን ወዲያው ሰማያዊ ይሆናል። ልክ እንደ አንዳንድ ዘመድ ነው፤ ቤቱ ሄዳችሁ ብትበሉ ደስ ይለዋል፣ ቋጥራችሁ ልትሄዱ ስትሉ ፊቱ ይለዋወጣል። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎቶ ድረስ አሳየን። ሸምሱ አለቀሰ ማለት ይቻላል።

"በቃ፣ እሱን ራሱን እንወስደዋለን" አለች ሰናይት።

ስለዚህ እሑድ ከሰዓት ኮምፒውተሬ ትራስ ላይ ተኝቶ ሰርግ ሄደ። አዳራሹ ሙሉ ነው። መጋረጃዎቹ ተዘግተዋል። የፕሮጀክተሩ ገመድ ተሰክቷል። ሸምሱ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረቫት አስሮ፣ ኮምፒውተሩን ከነስክሪኑና ቬንትሌተሩን እንዲጠብቅ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ስር ገብቷል። ምሕረት በነጭ ቬሎ ከሙሽራው ጎን ተቀምጣለች፤ እትዬ ታደለች ከፊት ረድፍ ናቸው። መብራቱ ጠፋ፣ መዝሙሩ ተጀመረ።

ሕፃኗ ሙዝ ስር፣ ግድግዳውን በሙሉ አክላ። አዳራሹ "ውይ!" አለ። ዩኒፎርሟን ስትለብስ አንድ አሮጊት "እሷው ናት፣ እሷው ናት!" አሉ። እትዬ ታደለች ዞረው ፈለጉኝና በጨለማው ውስጥ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉልኝ። እኔም ከወለሉ ትንሽ ከፍ አልኩ። እውነቴን ነው፣ እግሬ መሬት መንካቱን አላስታውስም።

ቲክ።

አንድ ትንሽ ስክሪን ሰማያዊ ሲሆን አይታችሁ ይሆናል። አዳራሽ ሰማያዊ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ቬሎው ሰማያዊ ሆነ። የጠረጴዛ ልብሱ፣ የጠርሙሶቹ አንገት፣ የሽማግሌዎቹ ጋቢ፣ የሕፃናቱ ጥርስ። ሁሉም ሰው ከውሃ በታች የተቀመጠ መሰለ። መዝሙሩም ስለቆመ ዝምታው ራሱ የውሃ ውስጥ ዝምታ ነበር። ከላይ የሚያዝነው ፊት የበር ያህል ሆኖ ቁልቁል ያየናል።

ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ። "ማስዋቢያው ያምራል!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የመድረክ መሪው፣ ይባረክና፣ ግድግዳው ላይ አሥር በመቶ፣ ሃያ በመቶ የሚለውን አይቶ በማይክ "ወገኖቼ፣ ልዩ ዝግጅት እየመጣ ነው፤ አብረን እንቁጠር!" አለ። አዳራሹ መቁጠር ጀመረ። ሠላሳ! አርባ! ልጆች ወንበር ላይ ወጡ። እኔ ወደ ግድግዳው ሮጥኩ፤ ምን ላደርግ እንደነበር አትጠይቁኝ። እጄን ዘርግቼ መሃል ላይ ስቆም በሰማያዊው ላይ ትልቅ ጥቁር ጥላዬ ታየ። ሕዝቡ የዝግጅቱ አካል መስዬው አጨበጨበልኝ። ዘጠና! መቶ!

ጨለማ።

ሁሉም ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ሰው ወንበሩ ላይ ሲንቀሳቀስ፣ አንድ ሕፃን "አለቀ?" ሲል ተሰማ። ከጠረጴዛው ስር ሸምሱ "ቲቸር፣ አልነካሁትም!" አለ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ምን ነበረበት እያልኩ ሳለ ማይኩ ኮሽ አለ። እትዬ ታደለች ናቸው፤ ከመሪው እጅ ወስደውታል።

"አሁን የሚመጣው" አሉ፣ ያ ደረጃ የሚያስተጋባ ድምፃቸው እንደ ሹክሹክታ ሆኖ፣ "ምሕረት የፊት ጥርሷ ወልቆ የምትስቅበት ነው። ጥርስሽን ጣሪያ ላይ ጣይ ብንላት ሳታ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ጣለችው። 'በቃ፣ የነሱ ልጅ ነው የሚበቅልለት' ብላ ስታለቅስ ዋለች።"

አዳራሹ ሳቀ። አንድ ሰው መብራት ሊያበራ ተነሳ፤ ሌላው ልብሱን ይዞ አስቀመጠው።

"ከሱ ቀጥሎ አባቷ ሳይክል ላይ አስቀምጧታል። ሳይክሉ የኛ አይደለም፤ የፎቶ አንሺው ነው። አባቷ 'አንድ ቀን እገዛልሻለሁ' እያላት ነው የተነሱት። ለዚህ ነው እንደዚያ ኮስተር ያለው፤ ከልቡ ነበር። ሳይገዛላት ጌታ ወሰደው።"

ሳቁ ቆመ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማል።

"የሚቀጥለው ፎቶ ግን የለም" አሉ። "መምህሩም ጋ የለም፤ እሱን እንዳትቆጡት። አባቷ ካረፈ በኋላ ይዣት አዲስ አበባ መጣሁ። ከአውቶቡስ ስንወርድ የሚቀበለን ዘመድ አልመጣም። መናኸሪያው በር ላይ ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። ነቃችና 'እማ፣ ቤታችን የቱ ነው?' አለችኝ። ምን ልበላት? ፊት ለፊት መብራት የበራበት ትልቅ ፎቅ ነበር። 'ያውልሽ' አልኳት። አየችው፣ አየችውና 'ሰፊ ነው' ብላ ተመልሳ ተኛች። ያን ቀን ማንም ፎቶ አላነሳንም።"

ከመድረኩ የጨርቅ ድምፅ ተሰማ። ምሕረት ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ በጨለማው እየወረደች ነው።

"የዚያ ፎቅ መጋረጃ ቀይ ነበር" አለች።

"አንቺ ተኝተሽ ነበር እኮ።"

"አልተኛሁም እማ። ስታለቅሺ እንዳላይሽ ብዬ ነው ዓይኔን የጨፈንኩት።"

እትዬ ታደለች ማይኩን ረሱት። ሲተቃቀፉ ማይኩ መሃላቸው ገብቶ የሁለቱም ልብ ይሁን ትንፋሽ የማላውቀው ነገር በስፒከሩ "ዱብ፣ ዱብ" ይል ጀመር። ሰናይት መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

በዚህ ጊዜ ከጠረጴዛው ስር የከረቫቱ ጫፍ፣ ቀጥሎ የሸምሱ ራስ ብቅ አለ። ፊቱ በደስታ በርቷል።

"ቲቸር! ተነሳልኝ እኮ!" አለ በሹክሹክታ። "ፎቶዎቹ ሁሉ አሉ። ግድግዳው ላይ ልልቀቀው?"

"ተወው ሸምሱ" አልኩት። "እያዩ ነው።"